ከቅኝት የወጣው ቤዙ አልነበረም

በአንድ የቀበሌ መዝገብ ውስጥ፣ መዝገቡን አይጥ ካልበላው፣ «የቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ከቅኝት በመውጣቷ የኪነት ቡድኑ ለሽንፈት ተዳርጓል» የሚል ቃለ ጉባኤ አለ። ተጫዋቿ እኔ ነበርኩ። ከቅኝት አልወጣሁም። በዚያን ቀን፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅኝቱን እንደጠበቀ የቆየ መሣሪያ ቢኖር የእኔ ቤዝ ነበር። ከቃለ ጉባኤው ሥር አራት ሰዎች ፈርመዋል። የእኔ ፊርማ የለበትም። ለልጅ ልጆቼ በቃል ስነግራቸው ስለሚስቁ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብያለሁ።

ያደግኩት በየካ በኩል፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርት አቆምኩና ከእናቴ ጋር ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተሸከምኩ አወርድ ጀመር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ቀበሌው የኅብረት ሱቅ ሲከፍት ስኳርና ጨው መዛኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሚዛን ላይ ጣቴን አላሳርፍም፤ ለዘመድም አልጨምርም፤ ለጠላትም አልቀንስም። በዚህ ምክንያት የሚወዱኝም የሚጠሉኝም ብዙ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም። የእኛ ቡድን ከመዘምራኑና ከተወዛዋዦቹ ሌላ አምስት ሰው ያለበት ባንድ ነበረው። አለቃው ሳክስፎን የሚነፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ኦርጋን የሚጫወተው በአንድ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት መኪና ይመታል። ድራም የሚመታው አናጢ ነው። አንድ ዘፋኝ ነበረን፤ ቀን ቀን ከሰል ይነግዳል። ለአብዮት በዓልና ለስብሰባ በነፃ እንጫወታለን፤ በቀረው ጊዜ ቀበሌው እየፈቀደልን ሠርግ እንሄዳለን። በሙዚቃ ብቻ የሚኖር ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ መጀመሪያ ከመዘምራኑ አንዷ ነበርኩ። የቤዝ ተጫዋቹ ለዘመቻ ሲሄድ ቤዙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ወር ቆየ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አለቃው፣

«አንቺ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ።

አሳየሁት። በገመድና በእንጨት የደደረ እጅ ነው።

«ይሄ እጅ ክር አይፈራም» አለና ቤዙን አውርዶ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለው። ሌላ ፈተና አልተፈተንኩም።

እናቴ በሰማች ቀን፣ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አለች።

«አዝማሪ የሚይዘው ማሲንቆ ነው፤ ይሄ ጊታር ነው።»

«ስሙን ቀይረሽ አታታልዪኝ። ስንት ክር አለው?»

«አራት።»

«ማሲንቆ እንኳን በአንድ ክር ስንቱን ሰው ይሰድባል፤ አንቺ በአራት ምን ልትዪ ነው!»

አለቃው ያስተማረኝ ጥቂት ነገር ነው። የድራሙን እግር፣ በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ ስሚ፣ ከእሱ አትለዪ፣ ቀኝ እጅሽ አይፍጠን፣ ዘፋኙ ሲያብድ አንቺ አትበጂ። ችክችካ ሲሆን እግሩ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ አልረሳሁትም። ዛሬም ዳቦ ስቆርጥ እጄ ይመታዋል።

ቤዝ ተጫዋችን ማንም አያይም። ወሰን በሚባለው ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መጥተው ፊቴ ቆሙና አለቃችንን፣ «ይቺ ልጅ ምን ትሠራለች? እጇ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም» አሉት።

«ቤዝ ናት፣ አባቴ።»

«ቤዝ ማለት?»

አለቃው ዞር ብሎ በዓይኑ አቁሚ አለኝ። አቆምኩ። ከበሮው አለ፣ ኦርጋኑ አለ፣ ዘፋኙ አለ፤ ጨፋሪው ግን እርስ በርሱ ይረጋገጥ ጀመር። አንዷ ሚዜ ጫማዋ ወለቀ።

«በል ትቀጥል! ትቀጥል!» አሉ ሽማግሌው። «ወለሉን ነው ለካ የያዘችው!»

ከዚያ ውጭ ሥራው ሸክም ነው። የቤዙ ስፒከር አናጢው ድራመራችን ከጣውላ የሠራው ሳጥን ነበር፤ ቁመቱ ከደረቴ ይደርሳል። ወንዶቹ ለሁለት ይይዙታል፤ እኔ እንደ እንጨት በገመድ አስሬ በጀርባዬ ብቻዬን አወጣዋለሁ። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጩ አላስገባም ይላል።

«ይሄ የሬሳ ሳጥን ነው ወይስ ቁም ሳጥን?»

«ቤዝ ነው።»

«ለሱም ትኬት ትቆርጪያለሽ!»

«ወንበር ከሰጠኸው እቆርጣለሁ» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ገባን።

ክር አይገኝም ነበር። ያረጀ ክር ድምፁ እንደ ጭቃ ሲሆን ፈትቼ በእናቴ ድስት በሳሙና ውሃ እቀቅለዋለሁ። ቅባቱና እድፉ ሲወጣለት ለሁለት ሠርግ ያህል ይታደሳል። እናቴ ክዳኑን ከፍታ፣ «ዛሬ ደግሞ ሽቦ ነው የምንበላው?» ብላለች። ድስቱን ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አልተጠቀመችበትም።

አሁን ለነገሩ ዋና የሆነውን ልናገር። ኦርጋናችን አሮጌ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲደክምበት ድምፁ ይወርዳል። ሠርግ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከጎረቤት ቤት በረጅም ሽቦ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተጣደ ቁጥር ኦርጋኑ ዝቅ ይላል። ሳክስፎን ነፊ ይህን በከንፈሩ ትንሽ ያስተካክላል። ዘፋኝ ሳያውቀው ጉሮሮው ይከተላል። ቤዝ ግን ክሩ በተወጠረበት ላይ ነው የሚቆመው። ክርን በጣት ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በባንዱ ውስጥ ሕግ ነበረን፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ አለቃው ነው። ኤሌክትሪኩ ከተቀየረ መጀመሪያ ኦርጋኑ ይሰማል፣ ከዚያ ቤዝ እንደገና ይቃኛል፣ ከዚያ ይጀመራል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

የውድድሩ ቀን ከቀበሌ በላይ ባለው አስተዳደር፣ በከፍተኛው አዳራሽ የየቀበሌው ኪነት ቡድን ተሰበሰበ። ያሸነፈ የከተማው ውድድር ላይ ይቀርባል። አለቃው ይህን ውድድር አንድ ዓመት ሲጠብቀው ነበር። እኔም ጠብቄዋለሁ። ከየቀበሌው በመጡት ባንዶች ውስጥ መሣሪያ የያዘች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ካበላሸሁ ቤዙን እንደሚቀሙኝ አውቃለሁ። ሌላ ሴት እንዳትነካው ምክንያት እንደሚሆንም አውቃለሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከኦርጋኑ ጋር በደንብ ተቃኘን። ሁለት ቀበሌዎች ከእኛ በፊት ተጫወቱ። ሁለተኛው ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ። የአዳራሹ ጄኔሬተር ተበላሽቶ ስለነበር ከእኛ ቀበሌ ጄኔሬተር ይምጣ ተባለ። የእኛን ጄኔሬተር የሚይዘው ወሰን መንገድ ላይ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ዝምተኛ፣ የሰው ዓይን የማያይ ሰው። በጋሪ አምጥቶ ከአዳራሹ ጀርባ አስነሳው። አምፖሎቹ ቀላ ብለው በሩ።

ኦርጋን ተጫዋቹ ሁለት ቁልፍ ነካ። ወርዷል። እኔ ከመጋረጃው ጎን ሆኜ ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ወርዷል። ልቃኝ» አልኩት አለቃውን።

«ስማችን ተጠርቷል። ውጪ።»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ።»

«ሊቀመንበሮቹ ሰዓት ይዘዋል፤ ውጪ አልኩሽ!»

ወጣሁ። የመጀመሪያው ዘፈን በትዝታ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ መደበቂያ የሌለው። ኦርጋኑ የወረደው ልክ ግማሽ ድምፅ ቢሆን ኖሮ በቤዙ አንገት ላይ አንድ ቤት፣ በሁለት ብረቶች መካከል ያለውን ቦታ ማለቴ ነው፣ ዝቅ ብዬ እጫወተው ነበር። ከግማሽ ያነሰ ነው። በሁለት ቤቶች መካከል ያለ ድምፅ ቤዝ ላይ የለም፤ አንድ ቤት ወርጄ ክሩን እየገፋሁ እንዳልከተለው ድምፁ አንድ ቦታ አይቆምም። ጄኔሬተሩ ደግሞ ያስላል፤ ባሳለ ቁጥር ኦርጋኑ ይወርዳል፣ ይመለሳል። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ቀነስኩ። ክሩን በመዳፌ አፈን አድርጌ ዋናውን ድምፅ ብቻ መታሁ። ዘፋኙ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ አየኝ። ከዳኞቹ አንዱ በማይክሮፎን፣ «የቤዝ ተጫዋቿ ጓድ ቁርስ አልበላችም መሰለኝ፣ ሌላ ቀበሌ ነው ያለችው!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆንን።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌው ሂስና ግለ ሂስ ጠራ። የዘመኑ ወግ ነው፤ አንድ ሥራ ሲበላሽ ተሰብስቦ ያጠፋው ሰው ተነስቶ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ሌሎቹም ይተቹታል፤ ይጻፋል፤ ይፈረማል። የባንዱ አምስት ሰዎች አለን፤ የቀበሌው ሊቀመንበር አለ፤ ጸሐፊው አለ። መካኒኩ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሊቀመንበሩ፣ «ለሽንፈቱ ምክንያት የሆነው ምንድን ነው?» አለ።

አለቃው ተነሳ። «የቤዙ ቅኝት ነው። ቅኝት የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው።»

«ልቃኝ ብዬዎት ነበር» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት።»

«ጓድ፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ግለ ሂስሽን አቅርቢ።»

«ያላጠፋሁትን አላቀርብም።»

«ትዕቢት ብለን እንጻፈው?»

«ይጻፍ። ትዕቢት አለብኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከቅኝት ወጥታለች የሚለው ግን ውሸት ነው። የወረደው ኦርጋኑ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ሊቀመንበሩን አየ። እኔም ቀጠልኩ። «ክርክር አያስፈልገንም። ኦርጋኑ እዚሁ አለ። ጄኔሬተሩም እዚሁ ግቢ አለ። እንደዚያ ቀኑ ይነሳ፤ ቤዙን በመብራት ኃይል ልቃኝ፤ ከዚያ በጄኔሬተር እንስማው። ጆሮ ያለው ይፍረድ።»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ «ሊሞከር ይችላል» አለ።

ያኔ ኦርጋን ተጫዋቹ ተነሳ። ከባንዱ ይበልጥ የሚቀርበኝ እሱ ነበር። ቅኝት ስጀምር ቁልፉን ተጭኖ የሚጠብቀኝ፣ ጆሮሽ ከእኔ ይሻላል የሚለኝ እሱ ነው። ጠረጴዛውን እያየ፣

«መሞከር አያስፈልግም። ኦርጋኑ ደህና ነበር። እየሰማሁ ነው የተጫወትኩት» አለ።

«አንተ! ደግመህ በለው እስቲ፣ እኔን እያየህ» አልኩት።

አልደገመውም። አለቃው፣ «በቃ፣ ሰዓት አንግደል» አለ። አራቱም ፈረሙ። መዝገቡ ወደ እኔ ሲመጣ ገፋሁት። ወደ ተወዛዋዦቹ እንድዛወር ተወሰነ። እኔም በእግሬ ወደ ቤቴ ተዛወርኩ። ቤዙን ከሌላ ቀበሌ ለመጣ ወንድ ሰጡት።

ከወር በኋላ አለቃው ሱቅ መጥቶ ለስኳር ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትንሽ ቆይተሽ ትመለሻለሽ፤ እኔ አለሁ» አለኝ።

«መዝገቡ ይስተካከል፤ በማግሥቱ እመለሳለሁ።»

«ይሄ ነገር እንዲህ የሚያዝ አይደለም።»

«ኪሎ ነው ወይስ ግማሽ?» አልኩት። ግማሽ አለ። ግማሹን ሞልቼ፣ የሚዛኑ መርፌ ቀጥ እስኪል ጠብቄ ሰጠሁት። በኋላም አልተመለስኩም። መዝገቡም አልተስተካከለም። ሠርግ ላይ ተጋብዤ ስሄድ የአዲሱን ሰው ቤዝ እየሰማሁ ቆሜ አውቃለሁ። ጥሩ ነበር። የድራሙን እግር ግን ይቀድመው ነበር።

ባል አገባሁ፣ ወለድኩ፣ መንግሥት ተቀየረ። የኅብረት ሱቁም የኪነት ቡድኑም ቀረ። ልጄ ሥራ ፍለጋ መታወቂያ ልታሳድስ ስትሄድ አብሬ ሄጄ ያንን መዝገብ ጠየቅኩ። አንድ ለጋ ሠራተኛ፣ «እማማ፣ የምን መዝገብ ነው?» አለኝ።

«የኪነት ቡድን ቃለ ጉባኤ።»

«ቤት ነው ይዞታ?»

«ቤዝ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አየኝና ወንበር ሰጠኝ። መዝገቡ ግን አልተገኘም። ቢገኝም የምፈልገው ወረቀቱን ብቻ አልነበረም። የምፈልገው አንድ መልስ ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ሰምቷል ወይስ አልሰማም? ካልሰማ ጆሮው ደካማ ነበር ማለት ነው፤ ይቅር እላለሁ። ከሰማ ግን ለምን? እሱ ከሰፈር ለቆ ስለነበር የምጠይቀው ሰው አልነበረም። አለቃው ደግሞ አንድም ቀን ሳያወጣው ሞተ።

ባለፈው ዓመት ያ መካኒክ አረፈ። የሰፈር ሰው ነውና ለቅሶ ሄድኩ፤ ወሰን፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋቹን አየሁት። ሸብቷል፤ ከዘራ ይዟል። አሁን መሪ በሚባለው ሰፈር እንደሚኖርና በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራኑ ኪቦርድ እንደሚያስተምር ሰው ነግሮኛል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እግዜር ያጥናህ፣ ያጥናሽ ተባባልን።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ስትገቢ አይቼሽ ልነሳ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

«ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«የመጀመሪያውን ቁልፍ ስነካ። አንቺ ወርዷል ከማለትሽ በፊት።»

ውሃ የምታዞር ሴት መጣች። ሁለታችንም ወሰድን። እስክታልፍ ጠብቆ፣

«የሟቹ የመጨረሻ ልጅ ናት» አለኝ። «ያኔ ስድስት ልጆች ነበሩት፤ እሷ ጡት አልጣለችም።»

ከዚያ ነገረኝ። ያን ሰሞን ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ የቀበሌው ድርሻ አልቋል። ሊቀመንበሩ ጄኔሬተሩን ይዘህ ድረስ ሲለው መካኒኩ ቤንዚን የለም ማለት ፈራ። ታንኩ ውስጥ በቀረችው ቤንዚን ላይ ከቤቱ ያመጣውን ነጭ ጋዝ ጨመረበት። ጄኔሬተሩ ያስል የነበረው ለዚያ ነው። ከስብሰባው ሰዓት በፊት ለአለቃችንና ለኦርጋን ተጫዋቹ እያለቀሰ ተናገረ። የመንግሥት ንብረት ላይ እንዲህ ማድረግ በዚያን ጊዜ አሻጥር ይባላል። በአሻጥር ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። እኔ ጄኔሬተሩ ይነሳና እንሞክረው ስል ሳላውቀው የጠየቅኩት ታንኩ እንዲከፈት ነበር።

«አለቃችንስ መጀመሪያ ለምን እንዳልቃኝ ከለከለኝ?»

«እሱ ፍርሃት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሰዓት ሲያዝበት ይርበተበት ነበር፣ ታውቂዋለሽ።»

ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የሟቹ ልጅ ከወዲያ ማዶ ብርጭቆ ትሰበስባለች።

«ሰውየውን ማዳናችሁ ልክ ነው» አልኩት። «እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ቤዙንም ለእሱ እለቅ ነበር። ግን የእኔን ነገር የሰጣችሁት ሳትጠይቁኝ ነው። ለምን ወደ ጓሮ ጠርታችሁ አልነገራችሁኝም? እኔው ተነስቼ ጥፋቱ የእኔ ነው እል ነበር።»

«አትዪም ነበር።»

«እል ነበር!»

ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘና ከተገናኘን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

«ስሚ እህቴ፣ ጓሮ ተነጋግረንበታል። አለቃችን እንንገራት አለ፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ብንነግርሽ እሱን ትምሪዋለሽ፤ ይሄን አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ግን ስብሰባው መሐል ትነሺና ‹ቤንዚን ሳይሰጠው ጄኔሬተር አምጣ ያለው ማነው?› ብለሽ ሊቀመንበሩን ትጠይቂዋለሽ። ሁላችንም እንታሰር ነበር።»